ቀዩን ጠላ የቀመሰው ኮሚቴ

ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት መካከል እጅግ የማይታመነው ምስክር አፍንጫ ነው። ዓይንን «የት ቆመህ ነበር ያየኸው?» ብለው ያፋጥጡታል። ጆሮን «ቃል በቃል ምን ነበር የተባለው?» ይሉታል። ምላስ እንኳ ሲጨንቀው ጨው ነው ወይም ስኳር ነው ብሎ ቁርጡን ይናገራል። አፍንጫ ግን? አፍንጫ «አውቀዋለሁ» ይልና ከየት እንደሚያውቀው ሲጠየቅ ዝም ይላል። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው የሞተች አክስትን፣ የልጅነት ትምህርት ቤትን፣ አንድ የተረሳ ዝናባማ ከሰዓት በኋላን እየጎተተ አምጥቶ ነገር ያበላሻል። ዕድሜዬን ዜና ስጽፍ ኖሬ «እንደሸተተኝ ከሆነ» ብዬ የጀመርኩት አንድም ዓረፍተ ነገር የለኝም።

እንግዲህ መተማ ዮሐንስ ላይ የአንድ ጠላ ሽታ እንዲመረምር የተቋቋመ ኮሚቴ አባል መሆኔ ሲነገረኝ ፊቴ ላይ ምን እንደታየ አላውቅም። መስታወት አልነበረም።

ወደዚያ የሄድኩት ስለ ጠላ ልጽፍ አልነበረም። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ወጣቱ በየቀበሌው እየተለቀመ በነበረበት ዘመን ነው። እኔ የተላክሁት የሰሊጡ አጨዳ በድል እየተካሄደ መሆኑን እንድዘግብ ነበር። በድል እየተካሄደ መሆኑ ገና ከአዲስ አበባ ሳልነሣ ስለተወሰነ የቀረኝ ሰሊጡን ማየት ብቻ ነበር። አየሁት። በኮኪት መንደር ዙሪያ እስከ ሰማዩ ጥግ ድረስ ነዶው ቆሟል፤ ከጎጃምና ከወሎ የወረዱ አጫጆች በዚያ ፀሐይ ጎንበስ እንዳሉ ይውላሉ። ዘገባዬን ጨርሼ ወደ መተማ ዮሐንስ ስመለስ የጫነችኝ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከከተማው መግቢያ ላይ ተነፈሰችና ቀጥ አለች። መለዋወጫው ከጎንደር እስኪመጣ ጠብቅ ተባልኩ። በመተማ ሙቀት መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ደመወዝ የለውም እንጂ።

የሚጠብቅ ሰው ይጠማዋል። የተጠማ ሰው ደግሞ መተማ ላይ የሚላከው ወደ እትየ ዘነቡ ቤት ነበር።

ቤቱ ከከተማው ዳር፣ ወደ ድንበሩ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ድንበሩ እነሱ ኮር የሚሉት ደረቅ ወንዝ ነው፤ ማዶው ገላባት፣ ሱዳን። በበጋ ኮሩ አሸዋ ብቻ ስለሆነ ፍየል እግሯን ሳታርስ ትሻገረዋለች። ሰው ሲሻገር ከታየ ግን ይተኮስበታል። ፍየሎቹ ይህን ልዩነት የሚያውቁ ይመስሉ ነበር፤ መሃል ላይ ቆም ብለው ወደ እኛ ያያሉ። ከእትየ ዘነቡ አጥር በላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ አለ። ይህ ጠላ አለ ማለት ነው፤ ከየትኛውም ጋዜጣ በላይ የሚታመን ማስታወቂያ ነው።

ጠላው ቀይ ነው። ቀይ ስል ጠየም ያለ ማለቴ አይደለም። በብርጭቆ ወደ ፀሐይ ሲያነሡት የመንግሥት መኪና የኋላ መብራት ይመስላል። ለምን ቀላ ብሎ መጠየቅ የሙያ ግዴታዬ ስለሆነ ጠየቅሁ። እትየ ዘነቡ ከወገራ ከወረዱ ዘመን የሆናቸው፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ሰው ሳይሆን ጋኑን የሚያዩ ሴት ነበሩ። ጌሾ ቆላ አይበቅልም፣ ከደጋ በመኪና ነው የሚወርደው አሉኝ፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ጌሾም ይዘጋል። አንድ ክረምት ጌሾ ጠፍቶ ጠማቂው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ እሳቸው ጓዳቸውን አዩ። ቀይ ማሽላ አለ። ከርከዴ አለ። ሁመር የሚሉት ጎምዛዛ ፍሬ አለ፤ ጥቂት ጥቁር አዝሙድም አለ። በዚያ ላይ አንድ የቆላ ቅጠል ጨመሩ። የምን ቅጠል ብላቸው «እሱ የኔና የጋኑ ነው፣ ጌታው» ብለው ዘጉኝ።

ስለ ጣዕሙ እውነታውን ብቻ ላስቀምጥ። መጀመሪያ ምላስን ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ከርከዴው ነው። ቀጥሎ የተቆላ ማሽላ ይመጣል፣ ሞቅ ያለ፣ ዳቦ ዳቦ የሚል። ከዚያ መራራው ይከተላል፤ ጌሾ አይደለም፣ ግን የጌሾን ወንበር ይዞ ተደላድሎ የተቀመጠ መራራ ነው። ከተዋጠ በኋላ ጥቂት ይቆይና በአፍንጫ በኩል አንድ ነገር ተመልሶ ይመጣል። ጢስ ነው። ጢስ ብቻም አይደለም፤ ጣፈጥ ያለ እንጨት፣ ቅባት፣ የሞቀ ቆዳ። ሴት። አጠገብህ አሁን ያለፈች ሴት።

ይኸውላችሁ! እውነታ ላስቀምጥ ብዬ ተነሥቼ አፍንጫዬ የት እንዳደረሰኝ አያችሁ?

ያን ቀን ቤቱ ሙሉ ነበር፤ መሃሉ ግን ባዶ ነበር። ጠጪዎቹ ሁሉ፣ አብዛኞቹ የሰሊጥ አጫጆች፣ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ዙሪያውን ተደርድረዋል። የጭቃው ግድግዳ ከትከሻቸው ትይዩ በጀርባ ብዛት ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ከጋኑ አጠገብ አንድ ባዶ በርጩማ አለ። ልቀመጥበት ጎንበስ ስል አንድ ወጣት እጅጌዬን ያዘኝ። ቢያድግልኝ ይባላል፣ የጎጃም ሰው ነው። «ኧረ ጌታየ፣ እሷ ላይስ አይቀመጡባት! ጀርባዎንም ለበሩ አይስጡ» አለና እሱ አጠገብ ግድግዳው ላይ ቦታ አስለቀቀልኝ።

ስለ ቀይዋ የሰማሁት ከሱ ነው። ጠላው ቀይ ስለሆነ ቀይዋ ይሏታል፤ ሌላ ስም የላትም። ቀትር ላይ፣ ሰው ጣሳውን አጋምሶ ሳለ፣ ሽታዋ ከኋላው ይመጣል። ዞር ብሎ ካያት አበቃ። ጣሳውን ያስቀምጣል፣ ይነሣል፣ ይከተላታል፣ ተመልሶ አይታይም። ከአጨዳው መጀመሪያ ወዲህ ስንት ሰው እንደሄደ ብጠይቅ ከግድግዳው ዙሪያ የየራሱ ቁጥር ተወረወረልኝ፤ ማስታወሻዬ ላይ «በርከት ያሉ» ብዬ አለፍኩት። ከነሱ አንዱ የቢያድግልኝ ታላቅ ወንድም አስማረ ነው። እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ እየጠጣ ሳለ ነው የሄደው። ሲወጣ አይተኸዋል ወይ አልኩት። አላየሁትም አለ። አጠገብህ ተቀምጦ እንዴት ሳታየው ቀረህ ስለው፣ ማሰብ የተሳነው ሰው ያየ መስሎት በትዕግሥት «ዙሬ ባየውማ እኔም ሄጄ ነበራ!» አለኝ።

የማን ናት? ብዬም ጠየቅሁ። ሙሽራ ናት በሚለው ሁሉም ይስማማል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይለያያሉ። የኛዎቹ ሱዳን ናት ይላሉ፤ ከማዶ የሚመጡት ሐበሻ ናት ይላሉ። ድንበር ላይ ጋኔን እንኳ ዜግነቱ ያከራክራል።

እስቲ ነገሩን በቀዝቃዛ አእምሮ እንየው። ሱዳን ከዚያ ቤት በር የድንጋይ ውርወራ ነው። ወጣት ወደ ጦር ሜዳ እየተጋዘ ነው። ወጣቶች ከዚያ ቤት ይጠፋሉ። ታዲያ የት የሄዱ ይመስላችኋል? ለኔ ሁለት ጣሳ ሳልጨርስ ነው የገባኝ። ያልገባኝ፣ ወይም ቆይቶ የገባኝ፣ ጋኔኗ ለምን እንዳስፈለገች ነው። በዚያ ዘመን አንድ ወጣት ተሻገረ ከተባለ በትውልድ ቀበሌው ቤተሰቡ ይጠየቅበታል፤ ታናሽ ካለው በሱ ፋንታ ታናሽየው ይዘምታል። አሻገረ የተባለ ሰው ደግሞ ወደ ጎንደር ይወሰዳል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ መጠየቅ ራሱ ያስጠይቃል። ጋኔን ወሰደው ከተባለ ግን ማንም አይጠየቅም። መንግሥት በጋኔን ስለማያምን ለጋኔን ያዘጋጀው ቅጣት የለውም።

የእትየ ዘነቡ አንገት የተንጠለጠለው በዚህች ክር ላይ ነበር።

ወሬው ጎንደር መድረሱ አልቀረም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ፈንታሁን ጥብቅ ትእዛዝ ደረሰው፤ ጠላው ውስጥ ሰው የሚያደነዝዝ ነገር እንዳለ፣ ሽታውም ሆን ተብሎ የተሠራ ማታለያ እንደሆነ ተጣርቶ ይቅረብ። ማታለያ ከሆነ ባለቤቲቱ ታስራ ትላክ። ጓድ ፈንታሁን ወጣት ነው፤ ሁልጊዜ ያልበዋል፣ ሁልጊዜም በሙቀቱ ያመካኛል። ትእዛዙን በእጁ ይዞ አንድ ቀን ካደረ በኋላ በዚያ ዘመን ሰው ሲቸግረው የሚያደርገውን አደረገ። ኮሚቴ አቋቋመ።

የቅምሻ ኮሚቴ! ሰብሳቢው ራሱ ነው። የሠርቶ አደሩ ተወካይ ቢያድግልኝ ሆነ፣ ማንም ሳይመርጠው፤ ሲጠራ በአቅራቢያው ስለተገኘ ብቻ። እኔ ገለልተኛ ታዛቢ ተባልኩ፤ ገለልተኛነቴ ከመኪናዬ መሰበር የመጣ ነው። ስለ ሱዳን ቅመማ ቅመምና ዕጣን የሚያውቅ ሰው ስላስፈለገ ደግሞ ሐጂ ኑሩ ተጠሩ። ሐጂ ኑሩ ከርከዴውንም ሳሙናውንም ጨርቁንም የሚነግዱ የከተማው ባለሱቅ ናቸው፤ ወጣትነታቸውን ማዶ፣ የሱዳኗ ገዳሪፍ ነው ያሳለፉት። «ወላሂ አልቀምስም፣ ያ ዞል! ልታስኮንነኝ ነው?» አሉት ሊቀ መንበሩን፣ በሱዳኖቹ «አንተ ሰው» አጠራር። ጓድ ፈንታሁን ትንሽ አሰበና ሶሻሊዝም የእምነት ነፃነትን ስለሚያከብር እሳቸው አሽታች አባል ሆነው እንዲያገለግሉ ወሰነ። በዓለም የኮሚቴዎች ታሪክ ውስጥ አሽታች አባል የነበረው ሌላ ኮሚቴ ካለ ልሰማ እወዳለሁ።

ስብሰባው ቀትር ላይ ተጠራ። ቀይዋ የምትመጣው ቀትር ላይ ነው ከተባለ ምርመራውም ቀትር ላይ ይሁን አለ ሰብሳቢው፤ ሳይንሳዊ አካሄድ ነው። ጠጪዎቹ እንዲወጡ ተደረገ። ሦስታችን ጀርባችንን ግድግዳው ላይ ስናስደግፍ ጓድ ፈንታሁን ብቻውን መሃል ላይ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። አብዮተኛ ከኋላው የሚፈራው ነገር የለም አለን። እግሩ ላይ አዲስ የሱዳን ጫማ አድርጎ ነበር፣ ከቆዳ የተሠራ፣ ለአሸዋ የሚመች። ሐጂ ኑሩን የኮሩ አሸዋ በዚህ ወር እግር ይውጣል ወይስ ጠንክሯል ብሎ ጠየቃቸው። ለምርመራው እንደሚያስፈልግ ስለነገረን ማናችንም ለምን አላልንም።

የመተማን ቀትር ለማያውቀው እንዴት ልግለጸው? ጥላ ይጠፋል። ውሻው፣ ዶሮው፣ ሕፃኑ፣ ሁሉም ድምፁን ይዞ አንድ ቦታ ይገባል። በሩ ላይ የተጋረደው የሰሊጥ ጆንያ ነው፤ በጆንያው ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን መሬቱ ላይ እንደ ተበተነ እህል ተዘርቶ ነበር። ንፋስ አልነበረም። ይህን ደጋግሜ አረጋግጫለሁ፤ ጆንያው ንቅንቅ አላለም።

እትየ ዘነቡ ቀዱ። በእኛ አገር ቀጂ ከእያንዳንዱ ጣሳ ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ራሱ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም፤ መርዝ የለበትም፣ እኔ ቀድሜልሃለሁ ማለት ነው። እሳቸውም የኔን በመዳፋቸው ቀመሱና ሰጡኝ። የቢያድግልኝን ቀመሱና ሰጡት። የሐጂ ኑሩን ቀምሰው አፍንጫቸው አጠገብ አስቀመጡላቸው። ከዚያ አንድ ጣሳ ሞልተው ባዶዋ በርጩማ ላይ አኖሩ፤ እሱን አልቀመሱትም። ምነው ብላቸው «የሷን አልቀምስም» አሉ፣ ጨው አልቆብኛል በሚሉበት ድምፅ።

የጓድ ፈንታሁንን ጣሳ ይዘው ሲመጡ ቤቱ መሃል ላይ ቆሙ። ቀሚሳቸውን ወደ ጉልበታቸው ሰብሰብ አድርገው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ፤ በጠባብ በር ላይ ሌላ ሰው ሲያሳልፉ እንደሚያደርጉት። ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ምን ሆነው ነው አልኳቸው። «ቤቱ ጠባብ ነው» አሉኝ።

ቤቱ መሃሉ ባዶ እንደነበር ቅድም ነግሬያችኋለሁ።

ጣሳውን ለጓድ ፈንታሁን ሰጡት። ሳይቀምሱ። እሱም አይቶ ኖሮ እንደ መሳቅ ብሎ «እትየ ዘነቡ፣ የኔን ረሱት እኮ» አላቸው። «አልረሳሁም፣ ልጄ» አሉት።

ያኔ ነው ሽታው የመጣው። እኔ ገና ከጣሳዬ አልተጎነጨሁም ነበር፤ ይህም እውነታ ነው፣ ብትፈልጉ አስምሩበት። ከጣሳው አልመጣም። ከበሩ በኩል ገብቶ፣ በመሃል አልፎ፣ ጋኑ ዘንድ ሄዶ ቆመ። ሽታ ቆመ ይባላል ወይ? አይባልም። አርታኢዬ ቢሆን ይሰርዘው ነበር። የክንዴ ፀጉር ቆመ፤ ቢያድግልኝ ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳው ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። ዓይኔ ግን ሐጂ ኑሩ ላይ ቀረ። ሰውየው ጣሳቸውን ጨርሶ አላዩትም። አፍንጫቸው ወደ ባዶዋ በርጩማ ዞሮ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

ቆይተው ተናገሩ። «ያ ኡስታዝ» አሉኝ፣ «ይህ የጠልህ ጢስ ነው። ማዶ ያገባች ሴት ለባሏ በጠልህ እንጨት ጢስ ትታጠናለች። ልጃገረድ አትታጠነውም፣ ፈት አትታጠነውም። ሙሽራ ናት።» ቀጠሉና «እኔ ይህን ሽታ ገዳሪፍ ቀብሬው ነው የመጣሁት» ብለው ጫማቸውን እንኳ በትክክል ሳያጠልቁ ወጥተው ሄዱ። ጆንያው ከኋላቸው ተመልሶ ተጋረደ።

እኔ ግን ደስ አለኝ። ሙያ ክፉ ነገር ነው። እዚያ ሁሉ ፍርሃት መሃል እኔ የታየኝ መልሱ ነው። ጠልህ ማለት ሱዳኖች ለጢሱ የሚፈልጉት ቀይ ግራር ነው። ጋን ደግሞ ጠላ ሳይገባበት በጢስ ይታጠናል፤ ደጋ ላይ በወይራ፣ ወይራ በሌለበት በተገኘው እንጨት። ስለዚህ ጋኑ በጠልህ ታጥኗል፣ ጠላው የጠልህን ጢስ ጠጥቷል፣ ጠጪው ደግሞ ሙሽራ ሸተተችኝ ይላል። አለቀ! ጋኔኗ እንጨት ናት አልኩና ግኝቴን በኩራት ለሰብሳቢው አቀረብኩ።

ጓድ ፈንታሁን ላቡን ጠረገ። «ስለዚህ ሽታው ሰው ሠራሽ ነው፣ ጓድ ጋዜጠኛ?» አለኝ። ነው አልኩት። «ታዲያ ቀይዋ ከሌለች ወንድሜን ማን ወሰደው?» አለ ቢያድግልኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። ድምፁ ውስጥ ልመና ነበር፤ ልመናው ግን መልስ እንድሰጠው ሳይሆን መልሱን እንድተወው ነበር።

እትየ ዘነቡ እጃቸውን ጋኑ አፍ ላይ አሳርፈው እኔን አዩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጋኑን ሳይሆን ሰው ያዩት ያን ጊዜ ነው። የተናገርኩት ምን እንደሆነ የገባኝም ያኔ ነው። ማታለያ መሆኑን አረጋግጬባቸው ነበር። ጎንደር የጠየቀውን፣ አሳምሬ፣ ከነማስረጃው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግን በዚያ ዘመን ሆኖ አይቼው የማላውቅ ነገር ነው። ጓድ ፈንታሁን ተነሣና ብይን ሰጠ። ቀይዋ የለችም አለ፤ ሳይንስ አረጋግጧል። ከሌለች ማንንም አልወሰደችም። ማንንም ካልወሰደች የተወሰደ ሰው የለም፣ የተወሰደ ሰው ከሌለ የጠፋ ሰው የለም፤ ማንም ባልጠፋበት ቤት ደግሞ አሻጋሪ አይፈለግም። ጉዳዩ ተዘግቷል። ጠላው መልካም ነው፣ ትንሽ መረር ይላል። እጃችንን አወጣን። ቢያድግልኝ ሁለቱንም እጆቹን ነው ያወጣው።

ስንወጣ ሰብሳቢያችን ድፍድፉን በጥልቀት ሊመረምር ወደ ኋላ ቀረ። ጀርባው አሁንም ለበሩ ነበር። ሰውየውን አድንቄው ነው የወጣሁት፤ ደግ ልብ አለው ብዬ።

በማግስቱ ጓድ ፈንታሁን በራሱ ሰብሳቢነት በተጠራ የቀበሌ ስብሰባ ላይ አልተገኘም። ቤቱም አልተገኘም። እትየ ዘነቡ ዘንድ ስሄድ የሱ ጣሳ መሃል ወለል ላይ እንደተቀመጠ ነበር፣ እንደሞላ፤ ዝንብ እንኳ አልገባበትም። የዚያ አዲስ ጫማ ምስጢር ተገለጠልኝና ለብቻዬ ሳቅሁ። እትየ ዘነቡን ቀረብ ብዬ፣ የወንድም ምክር ይሁንብኝና ያን የጠልህ እንጨት የጎንደር ሰዎች ሳይደርሱ ያቃጥሉት አልኳቸው።

«የምን ጠልህ?» አሉኝ።

ጋኑን ያጠኑበት አልኳቸው። «ጠልህ ከማዶ እንዳይገባ እሱ ራሱ ፈንታሁን ከከለከለን ክረምቱ አለፈ። ይህ በወይራ ነው የታጠነ፣ ጌሾው በሚመጣበት መኪና ከደጋ በወረደ» ብለው ከጋኑ ሥር ያለውን ከሰል አሳዩኝ። አንሥቼ አሸተትኩት። ወይራ ነው። ጋኑ ውስጥ ጭንቅላቴን አስገብቼ አሸተትኩ። ወይራ፣ ማሽላ፣ ከርከዴ፣ ያ ስሙ የማይነገር ቅጠል። ሌላ ምንም የለም። ታዲያ ትናንት የሸተተን ምንድን ነው አልኳቸው፤ ድምፄ ጋኑ ውስጥ ሆኖ ነው መሰለኝ የኔ አይመስልም ነበር። «እናንተ ናችሁ ያሸተታችሁት። እኔ ከለመድኳት ቆይቻለሁ» አሉኝ።

ሰው አሻግረዋል ወይ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። በሙያዬ ያልጠየቅሁት ጥያቄ እሱ ብቻ ነው።

የጓድ ፈንታሁንን መጥፋት ሊያጣራ አንድ መኮንን ከጎንደር በላንድሮቨር የደረሰው በማግስቱ ቀትር ላይ ነው። ሁለት ታጣቂዎች ውጭ አቆመና ብቻውን ገባ፤ ረጋ ያለ፣ መነጽር ያደረገ፣ የተማረ ሰው ነው። እትየ ዘነቡ እጃቸውን ጋኑ ላይ አሳርፈው ቆመዋል። ያለ አክብሮት አልተናገረም፣ አልጮኸም፤ ይህ ነው ያስፈራኝ። የመንግሥት ጋዜጠኛ መሆኔን ሲያውቅ ፊቱ ዘና አለ። ባለሱቁ ታመው ተኝተዋል፣ አጫጁ የሚናገረው አይያያዝም፣ እርስዎ ግን የእውነታ ሰው ነዎት አለኝ። ሊቀ መንበሩን በመጨረሻ ካዩት አንዱ እኔ ስለሆንኩ ምን እንደሆነ በአጭሩ እንድነግረው ጠየቀኝ።

በአጭሩ! ሁለት አጭር መልሶች ነበሩኝ። ተሻገረ ብል እትየ ዘነቡ በዚያ ላንድሮቨር ይሄዳሉ፤ ከሳቸውም በኋላ አስማረና የሌሎቹ ሁሉ ስም ይነሣል፣ ቢያድግልኝም በወንድሙ ፋንታ ይዘምታል። አላውቅም ብል የሚያውቅ እስኪገኝ ይፈለጋል፤ የሚገኙት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የዘገባ ድምፄን አወጣሁ፣ ያን ሰሊጡ በድል መታጨዱን ያበሰርኩበትን። ጓድ ፈንታሁን በቀትር ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጦ ነበር አልኩት። ንፋስ አልነበረም። ሽታ መጣ። ሁላችንም ጀርባችን ግድግዳው ላይ ነበር፤ እሱ ግን ዞር ብሎ አየ መሰለኝ። ቀይዋ ወሰደችው።

እስክሪብቶው ወረቀቱ አጠገብ ደርሶ ቆመ። ይህን የት ይጻፈው? የሚስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀም። ዓይኑን መሬት ላይ ካለው ሙሉ ጣሳ ወደ ባዶዋ በርጩማ አዞረና ዝቅ ባለ ድምፅ «ምን ዓይነት ሽታ?» አለኝ። ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ። መሃል ላይ የነበረውን መቀመጫውን በቀስታ፣ ድምፅ እንዳያሰማ አነሣና ወስዶ እኔ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ከዚያ ይህ ጉዳይ ከዚህ በላይ እንደማይመረመር፣ ሰውየውም በሥራ ላይ እያለ እንደጠፋ ተቆጥሮ እንደሚዘጋ ተናገረ። እትየ ዘነቡ እጃቸውን ከጋኑ ላይ አነሡ። 

መኮንኑ ጠምቶት ነበር። እትየ ዘነቡ ሁለት ጣሳ ቀዱ። የሱን በመዳፋቸው ጥቂት አፍስሰው ቀመሱና ሰጡት።

የኔን ሳይቀምሱ ሰጡኝ።

ምስጋና ነበር? ግብዣ ነበር? ፊታቸውን አየሁ፤ እሳቸው ጋኑን ነው የሚያዩት። ከጆንያው ማዶ ኮሩ ነው፣ ከኮሩ ማዶ ገላባት፣ አሸዋውም በዚያ ወር ጠንክሯል። ዕድሜዬን በሙሉ ከስሜት ይልቅ በእውነታ የማምን ሰው ነኝ፤ ስለዚህ እውነታውን ብቻ ላስቀምጥ። ጣሳውን እንደሞላ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አጥብቄ ለጠፍኩ። ያን ቀን ከዚያ ቤት የወጣሁት በጎን በጎን፣ እንደ ሸርጣን፣ ትከሻዬን ከጭቃው ሳላላቅቅ ነው፤ መኮንኑም ከኋላዬ በዚያው አኳኋን ወጣ።